ሳሎኑ የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ እስቲ ለአፍታ ቀና በሉና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ትልቁ ሶፋ ላይ አሁን ማን ተቀምጧል? ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት መቼ ነው? ልጆቻችሁ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት የት ሆነው ነው? ለመሆኑ እናንተስ ራሳችሁ የተቀመጣችሁት ሳሎን ነው ወይስ መኝታ ቤት፣ አልጋ ጫፍ ላይ?

በብዙዎቻችን ቤት ከሁሉ ሰፊው፣ ከሁሉ ብርሃን የሚያገኘውና ከሁሉ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ክፍል ሳሎን ነው። በዚያ ክፍል በደንብ የሚቀመጠው ግን በወር አንድ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ ነው። ባለቤቶቹ ማዕድ ቤት ቆመው ይበላሉ፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደፍተው ይጽፋሉ፣ ሳሎኑ ግን መጋረጃው እንደ ተጋረደ እንግዳውን ይጠብቃል። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ለሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖረናልና ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲደርሰን ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ ነበር። ደስታችን ልክ አልነበረውም። የዕቁብ ተራዬ በዚያው ሰሞን ደረሰና ገንዘቡ እጄ ላይ ሲገባ፣ ለባለቤቴ ሳልነግራት ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ላስደንቃት ፈልጌ ነበር። ጥግ የሚይዝ፣ ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ቡናማ የቆዳ ሶፋ አየሁና ቀብድ ከፈልኩ። ማታ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ክፍሉን ለክተሃል?»

አልለካሁም። ሶፋው በመጣ ቀን በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ አለ። አራት ወዛደሮች በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል ሲስቡት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ከገባ በኋላ ደግሞ የበረንዳው በር ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ። ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ ሳይነሳ፣ በላዩ ዳንቴል ለብሶ፣ እዚያው ተቀመጠ። የቤታችን ዋና ሕግም «ሶፋው ላይ አትውጡ!» የሚል ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ግን የእናቴ ነገር ነው። ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር ሶፋው ዝቅ ያለና የሚሰምጥ ስለ ነበር፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት አንዴ ከተቀመጠች ለመነሣት እጅ መጠየቅ ነበረባት። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ ከዚያ ተወችው። ማዕድ ቤት ዱካ ይዛ መዋል ጀመረች። «እማዬ፣ ምነው ሳሎን ብትቀመጪ?» ስላት «እዚህ ይሻለኛል ልጄ፣ ይሞቀኛል» ትለኛለች። እኔም የገጠር ሰው ትሕትና መስሎኝ አለፍኩት። ባለቤቴ ግን ምክንያቱን ታውቅ ነበርና አንድ ቀን ነገረችኝ። ከዚያ የተከተለውን ጭቅጭቅ አልጽፈውም። «ሰላም እደሩ» ብቻ እየተባባልን ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ መቆየታችንን መናገር ይበቃል። ባለ ትዳሮች ስለ ዕቃ ሲጣሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት ስለ ዕቃው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አናጺው የጠየቀን ጥያቄ

ነገሩ የተለወጠው የማዕድ ቤቱን መደርደሪያ ሊጠግኑ በመጡ አንድ አረጋዊ አናጺ ምክንያት ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ቡና ሲጠጡ ሳሎኑን አየት አድርገው፣ «ጋሼ፣ ይህን ክፍል እንዴት እናድርገው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ስለ ቀለምም ስለ እንጨትም አላወሩም። «እዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው ማን ነው?» አሉኝ። ባለቤቴ ወደ ማዕድ ቤቱ በር ተመለከተች። እናቴ ዱካዋ ላይ ሆና ጎመን ትቀነጥሳለች።

ከዚያ ያዘዙን ነገር ቀላል ነው፤ እናንተም ምንም ሳትገዙ ዛሬ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉና ለአንድ ሳምንት ማን፣ የት፣ ምን እንዳደረገ ጻፉ። የቤት ሥራ የት ተሠራ? ልብስ የት ተተኮሰ? ቡና የት ተፈላ? ጫማ የት ተወለቀ? ባልና ሚስት ልጆቹ ከተኙ በኋላ የት ተቀምጠው አወሩ? ወይስ አላወሩም? የእኛ ወረቀት በሳምንቱ መጨረሻ የነገረን አሳፋሪ ነበር፤ ከቤታችን ስፋት አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን የያዘው ሳሎን በሰባት ቀን ውስጥ ያገለገለው ለቴሌቪዥንና ረቡዕ ማታ ለሚሰበሰበው የቤት ኅብረታችን ብቻ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ አንድ ክፍል ዕቃ በዝርዝር የምናነብበት አንድ ታሪክ አለ፤ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለችው የሱነም ሴት። ሀብታም ነበረች። ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል ለመሥራት ስታስብ ግን ያስቀመጠችው ዕቃ አራት ብቻ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ። መንገደኛ ስለሆነ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይቀመጣል፣ ሲመሽም ብርሃን ያስፈልገዋል። አራቱም ዕቃ የዚያን ሰው ፍላጎት ይመልሳል፤ ሊያስደንቀው የተቀመጠ ነገር የለም። ደግሞም አስተውሉ፣ ነገሩን መጀመሪያ ያማከረችው ባሏን ነው። (እኔ ቀብድ ከፍዬ ከመጣሁ በኋላ እንደ ተናገርኩት አይደለም።)

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

ከዕቃ ይልቅ በጥቂት ገንዘብ ቤትን የሚለውጠው ቀለም ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በእርሱ ነው። ባለቤቴ ከሱቅ በመጣች የጣት ስፋት ባላት ወረቀት ላይ ያየችው ለስላሳ ቢጫ አራቱን ግድግዳ ሲሞላ ዐይን የሚወጋ ሆነ። ምክንያቱ አስማት አይደለም። ቀለም በሰፊ ቦታ ላይ ሲሆን ደምቆ ይታያል። በዚያ ላይ አንዱ ግድግዳ በሌላው ላይ ብርሃኑን ስለሚያንጸባርቅ ቀለሙ በራሱ ላይ ይደራረባል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ምረጡ። ከዚያም አንድ ሊትር ብቻ ግዙና በሁለት የተለያዩ ግድግዳዎች ላይ አንድ አንድ ሜትር ካሬ ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ ሦስት ቀን ተመልከቱት። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ በአምፖል እዩት። ማታ የሚታየው ቀለም በአምፖሉ ይወሰናል፤ በማሸጊያው ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል አምፖል ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል፣ 6500 የሚለው ደግሞ ነጭና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለመኝታና ለማረፊያ የመጀመሪያው፣ ለማዕድ ቤት ሁለተኛው ይስማማል።

መስኮታችሁ ወዴት እንደሚመለከትም ዕወቁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በበጋ ፀሐይ ይጠግባል። ወደ ሰሜን የሚያየው ግን ፀሐይ የሚደርሰው በአብዛኛው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ወራት ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ደብዘዝ ይላል። እንዲህ ላለው ክፍል ግራጫና ሰማያዊ ቀለም አትምረጡ፤ የወተት ዓይነት፣ የስንዴ ዓይነት ሞቅ ያለ ፈዛዛ ቀለም ይሻለዋል። ፊት ለፊታችሁ ሌላ ሕንጻ ተደቅኖ ብርሃን የሚከለክላችሁ ከሆነ፣ ኮርኒሱንና ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ነጭ ማድረግ የሚገባውን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል።

አዲስ የተለሰነ የሲሚንቶ ግድግዳ ወዲያው አይቀባም፤ አራት ሳምንት ያህል ይድረቅ። አለበለዚያ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል። ስቱኮ ከመደረጉ በፊትም እርጥበት ካለ ምንጩን ፈልጉ፤ የሚያፈስ ቧንቧ በቀለም አይሸፈንም።

ምን ያህል ቀለም እንደሚበቃ ራሳችሁ አስሉ። በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር በአንድ ቅብ ወደ 10 ሜትር ካሬ ይሸፍናል። 4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል የዙሪያው ግድግዳ 39 ሜትር ካሬ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 34 ይሆናል። ሁለት ጊዜ ለመቀባት 7 ሊትር ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። ይህን አስልታችሁ ከሄዳችሁ በግምት የሚነገራችሁን ቁጥር ለመመዘን ትችላላችሁ።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ አንድ ምክር አለኝ። የትምህርት ቤት ኮሪደር ከታች እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም ይቀባ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ? ያ ሐሳብ ሞኝነት አልነበረም። ልጆች በሚውሉበት ክፍል ከወለል እስከ አንድ ሜትር የሚታጠብ ቀለም ቀቡ፤ በላዩ ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ቢዞርበት ያምራል፣ የወንበር መደገፊያም ግድግዳውን እንዳይፍቅ ይከላከላል። አረንጓዴውን ግን ለትምህርት ቤቱ ተዉለት።

ይህ ደግሞ የጤና ነገር ስለሆነ በጥሞና አንብቡት። በቆዩ ቤቶች ግድግዳና በር ላይ ያለው የዘይት ቀለም ሊድ የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ሊይዝ ይችላል። በአገራችን በአውሮፓውያኑ 2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የሊድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን አሁንም በየቤቱ አለ። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ አደገኛውም ብናኙ ነው። ስለዚህ ያረጀ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግ። በውኃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃናት እስኪጠናቀቅ ድረስ ከቤቱ ይራቁ።

አሥራ አምስት ሰው የት ይቀመጣል?

አናጺው «ሶፋውን ሽጡት» ሲሉን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነበር። ረቡዕ ማታ አሥራ አምስት ሰው ይመጣል፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ዘመድ ይጨመራል። ሶፋ ሳይኖር እንዴት ይሆናል?

መልሱ አያቶቻችን ቤት ነበር። በጭቃ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሠራውን መደብ ታውቁታላችሁ። ቀን መቀመጫ ነው፣ ማታ ይተኙበታል፣ መሐሉ ለሥራ ባዶ ይሆናል። ይህን ጥበብ ከሁሉ አሳምረው የያዙት ደግሞ ሐረሪዎች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ሐረር ጁገል የሄደ ሰው፣ ለጎብኚ ከተከፈቱት ባህላዊ ቤቶች አንዱን ሳያይ አይመለስ። ዋናው ክፍል ውስጥ ወንበር የለም። ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መቀመጫዎች ከቤቱ ጋር አብረው ተሠርተዋል፤ የቤቱ አባወራ፣ ሽማግሌ፣ ወጣት እያንዳንዱ ቦታው የታወቀ ነው። ወለሉና ነደባው በቀይ አፈር ተለስኗል። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሳይ ቦታዎች መጽሐፍና ዕቃ ይይዛሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጌጥ የሴቶቹ እጅ የሰፋው ስፌትና ሳህን ነው። ቤቱ ትልቅ ባይሆንም ብዙ ሰው ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም የዕቃ እግር የሚበላው ቦታ የለም።

እኛም በሁለት ግድግዳ ርዝመት አግዳሚ መቀመጫ አሠራን። ልኩን ልስጣችሁ። ከወለል እስከ መቀመጫው፣ ትራሱ ሰው ሲቀመጥበት ከሚሰምጠው ጋር ታስቦ፣ 45 ሳንቲ ሜትር፤ ወደ ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር። እናቴ የምትቀመጥበት ጫፍ ግን 48 ሆነ፣ እጇን ተደግፋ የምትነሣበት ጠንካራ መደገፊያም ተደረገለት። (በዕድሜ ለገፋ ሰው ከፍ ያለና የማይሰምጥ መቀመጫ፣ እጀታም ያለው፣ ከማንኛውም ውድ ሶፋ ይበልጣል።) ከሥሩ ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ብርድ ልብስ፣ የእንግዳ ፍራሽ፣ የበዓል ዕቃ ይገባበታል። ቡፌው በዚሁ ምክንያት አላስፈለገንም። ለቀሩት እንግዶች የጅማ በርጩማ ገዛን። ከአንድ ግንድ የሚጠረብ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ደግሞ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። ልጅ እንኳን አንሥቶ ያዞረዋል።

ስለ እንጨቱ ብዙ ትጠየቃላችሁና ጥቂት ልበል። ዋንዛ በአገራችን ለቤት ዕቃ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለመሥራት የሚታዘዝ፣ ቀለሙም የሚያምር ነው። ነገር ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ቤት ውስጥ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። አናጺውን «መቼ ተሰነጠቀ? የት ደረቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኤም ዲ ኤፍና ቺፕውድ ርካሽና ልሙጥ ናቸው፤ ጠላታቸው ውኃ ነው። ጠርዛቸው በማሸጊያ ካልተሸፈነ፣ ወለል በተወለወለ ቁጥር ከሥር ያብጣሉ። እኛ ሸክም የሚይዘውን አጥንቱን ከዋንዛ፣ ክዳኑንና ጎኑን ከኤም ዲ ኤፍ አሠራን፤ ከወለልም በእንጨት እግር አምስት ሳንቲ ሜትር አነሣነው። የኤም ዲ ኤፍ አንድ ሙሉ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ 2.44 በ1.22 ሜትር ስለሆነ፣ ልካችሁን ከዚህ ጋር አስማምታችሁ ካወጣችሁ ቁርጥራጭ አይተርፍም፣ ገንዘብም አይባክንም።

ለሁላችን አንዳንድ ጥግ

ልጆቻችሁን ጠይቃችኋል? እኛ መጨረሻ ላይ ነው የጠየቅናቸው፤ ያውም ለይስሙላ። ወንዱ ልጅ እንደ ጠበቅነው የኳስ ሜዳ አለ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ግን «ማንም ዕቃዬን የማያነሣበት ቦታ» አለች። ወንድሟና አያቷ አንድ ክፍል ውስጥ አብረዋት ይተኛሉ፤ ያላት የራሷ ነገር አንድ የካርቶን ሳጥን ነበረ፣ እርሱም ቤት በተጠረገ ቁጥር ቦታው ይቀየራል። እኔ ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ስገዛ ልጄ የምትፈልገው አርባ ሳንቲ ሜትር ነበር።

አናጺው በተደራራቢው አልጋ ራስጌ አንድ ትንሽ ባለ በር መደርደሪያ ሠሩላት፣ ቁልፍ ያለው። የሠሩበት ከአግዳሚው የተረፈው እንጨት ነው። ለቤት ሥራ ደግሞ ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ሰሌዳ አደረግን፤ ሲከፈት ጠረጴዛ ነው፣ ሲዘጋ ግድግዳ ላይ ይተኛል። ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጅ ሲቀመጥ እግሩ እንዳይንጠለጠል ከሥር መርገጫ ማድረግ ይሻላል፤ ጠረጴዛውን ለልጅ ብላችሁ ዝቅ ብታደርጉት በሁለት ዓመት ውስጥ ያጥራል።

ባለ ትዳሮች ለራሳችሁስ? በወረቀታችን ላይ «ባልና ሚስት ያወሩበት ቦታ» የሚለው መስመር ለሰባት ቀን ባዶ ነበር። የበረንዳው በር ነፃ ሲወጣ እዚያ ሁለት ወንበርና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ገባ። ሌላ አልተጨመረም። ማስጌጥ አማረንና ተውነው።

ቡና ለሚፈላበት ቦታም አስቡ። ረከቦቱ ሁልጊዜ ከመስኮት ወይም ከበረንዳ አጠገብ ይሁን፣ ከሰል እየነደደም መስኮቱ አይዘጋ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል። እንደ ቀድሞው የጭቃና የቆርቆሮ ቤት፣ የአሁኑ ቤታችን በየስንጥቁ አየር አያስገባም።

በዘዳግም 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ይህን ትእዛዝ ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ስለ ቁም ሣጥን ያሰብኩበት ግን ልጃችን ክፍት መሳቢያዎች ላይ ወጥቶ ቁም ሣጥኑ ወደ ፊት ሲያዘነብል ካየሁ በኋላ ነው። ደርሼ ያዝኩት። ረጅም ቁም ሣጥን፣ መደርደሪያና ቴሌቪዥን በብረት ማያያዣ ከግድግዳው ጋር ይታሰሩ። ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ከሆነ ተራ ምስማር አይይዝም፤ ለክፍት ብሎኬት የሚሆን ማስፋፊያ ያለው ብሎን ጠይቁ። የበረንዳው ብረት አጠገብም ልጅ ሊወጣበት የሚችል ወንበርም ሆነ የአበባ ገንቦ አታስቀምጡ።

ግድግዳ ማፍረስ የሚያምራችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ተዉ ወይም መሐንዲስ አምጡ። በጋራ ሕንጻ ውስጥ ኮለኑና ቢሙ የእናንተ ብቻ አይደሉም፤ ከላይ የሚተኛ ቤተሰብ አለ። የብሎኬት ክፍልፋይ እንኳን ቢሆን ኤሌክትሪክና ቧንቧ በውስጡ ሊያልፍ ይችላል፣ የነዋሪዎች ማኅበሩንም ፈቃድ ይጠይቃል።

ገንዘቡና ውሉ

ሁሉን በአንድ ጊዜ አታድርጉት። እኛ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብን፤ መጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያ አግዳሚው፣ ከዚያ የልጆቹ። በመካከሉ ባለው ጊዜ አንዳንዱ የፈለግነው ነገር እንደማያስፈልገን አየን። ለምሳሌ የጂፕሰም ኮርኒስ ፈልገን ነበር። ለሁለት ምሽት ተከራከርንበትና ቀረ፤ እስከ ዛሬ አንዳችንም አልናፈቅነውም። ለዕቃ ብሎ መበደርን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የሚቀመጡበትን ነገር ዕዳው ሳያልቅ ማሮጌት ያሳዝናል።

ከአናጺ ጋር ስትዋዋሉ በወዳጅነት ብቻ አትተማመኑ፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብትሆኑም እንኳን። ልኩ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ውፍረቱ (ለመደርደሪያ 18 ሚሊ ሜትር ይሻላል)፣ የመጨረሻው ቀንና የክፍያው ደረጃ በጽሑፍ ይሁን። ለእንጨት መግዣ ቀብድ፣ አጥንቱ ቆሞ ስታዩ ሁለተኛ፣ ቤት ገብቶ ከተገጠመ በኋላ የቀረው ይከፈል። ከዚያም በፊት በወለሉ ላይ የዕቃውን ቅርጽ በጠመኔ ወይም በጋዜጣ ሳሉና ሁለት ቀን ተመላለሱበት። በሰው መተላለፊያ ላይ ከ75 ሳንቲ ሜትር በታች ከቀረ ዕቃው ይጠብ። የደረጃውን መታጠፊያና የበሩን ስፋት መለካትንም እንዳትረሱ፤ ይህን የምላችሁ በገመድ የሳበ ሰው ነው።

ሶፋው የወጣው በገባበት መንገድ፣ በበረንዳ፣ በገመድ ነው። የገዛው ሰው ላስቲኩ እንዳለ መሆኑን አይቶ «አዲስ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች።

እናቴ አሁን የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ባለው ጫፍ ነው፤ ረቡዕ ማታ ኅብረቱ ሲሰበሰብም ቦታዋን ማንም አይዝባትም። ጎመኑንም እዚያው ሆና ትቀነጥሳለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ልጃችን አጠገቧ ሆኖ ሻይ በአዲሱ ትራስ ላይ ደፋና ሁላችንም ደንግጠን ወደ እኔ ተመለከቱ። የትራሱ ልብስ ዚፕ አለው። አውልቀን አጠብነው፤ ቅዳሜ ደረቀ።